ዐሥራ አንደኛው ስም

የጡብ ፋብሪካው እግር ኳስ ቡድን ውስጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ተጠባባቂ ሆኖ ሲቁለጨለጭ አሰልጣኝ ደጉማን ያልሰደበበት ቀን የለም። «እኔን አስቀምጠህ ይህን እግረ ጠማማ ይልቃልን የምታሰልፈው የአገርህ ልጅ ስለሆነ ነው! ግራ ተመላላሽ ማለት እኔ ነኝ!» ይለው ነበር። በመጨረሻ ፊርማ አሰባስቦ ደጉማን አስባረረው። ኮሚቴውም «በል እንግዲህ፣ እየተጫወትክ አሰልጥን» ብሎ ቡድኑን ሰጠው።

ዛሬ ከተሸነፉ ቡድኑ ይፈርሳል። መልበሻ ክፍል ገብቶ ዐሥሩን ስም ባንድ ትንፋሽ ጻፈ፤ ዐሥራ አንደኛው ላይ ግን ላብ አጠመቀው። ወጥቶ አሰላለፉን ሲያነብ በረኛው ከት ብሎ ሳቀ።

«ግራ ተመላላሽ ይልቃል? አንተስ ጋሼ?»

«አፍህን ዝጋ!» አለ ወረቀቱን እየጨመደደ፤ «ዛሬ ማሸነፍ አለብን።»