እንደ ሰው አውሪ

ለኢሚግሬሽን ቃለ መጠይቄ ስንለማመድ ጠያቂው ባሌ ነበር። ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ኮስተር ብሎ «እርስዎ» እያለ ጠየቀኝ፤ እኔም በስልኬ እየቀዳሁ መለስኩለት። ስንጨርስ በሳቅ ፈረሰ።

«አንቺ ሴትዮ፣ የቃል ጥናት አደረግሽው እኮ! እስቲ እንደ ሰው አውሪ።»

ተናድጄ ቅጂውን ከፈትኩት። እውነቱን ነው፤ ሥራዬንም፣ የሠርጋችንን ቀንም አንበልብዬዋለሁ።

ቀጥሎ፣ በእሱ ድምፅ፣ ያልጠየቀኝ ጥያቄ መጣ። «ባለቤትዎ ከሞቱ ስንት ጊዜ ሆነ?»

ስልኩ ላይ አጎነበስኩ።

«እ… ዓመት ሊሞላው ነው» አለ ስልኩ ውስጥ ያለው ድምፄ። ጉሮሮዬን ስጠርግ ተሰማ። «ግን፣ ምን ልበልዎት፣ አሁንም ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ይመስለኛል።»

ቀና አላልኩም።

«ይቺን እንኳን እንደ ሰው መለስሻት» አለኝ ባሌ።