የገና አሳማ ጆሮ

ግሪጎሬ ለገና ያረደውን አሳማ ጠጉሩን በገለባ እሳት ለብልቦ ሲያበቃ፣ ብርድ ልብስ ጣል አደረገበትና ሁለት ልጆቹን እንደ ፈረስ አፈናጠጣቸው። ልጅ ያልተቀመጠበት አሳማ ስጋው አይጣፍጥም፤ የአገሩ ደንብ ነው። «ጠበቅ አድርገህ ያዝ ጎበዝ፣ እንዳይጥልህ!» እያለ በሳቅ ተንከተከተ። ዓመቱን ሙሉ እንደዚህች ጠዋት ደስ የሚለው ነገር አልነበረም።

ትንሹ ልጅ አሳማው ሲታረድ አላየም። የድንች ልጣጭ እያበላ ያሳደገው እሱ ነበር፤ «ተኝቷል» ሲሉት አምኖ ሞቃት ጀርባው ላይ ተለጠፈ። አባትየው አንዱን ጆሮ ቆርጦ፣ ጨው ነስንሶ ለሁለቱ አካፈላቸው። ትንሹ ቀመሰው፤ ጣፈጠው።

«አባዬ፣» አለ እያኘከ፣ «ጆሮውን ከበላንበት ነገ ስጠራው በምን ይሰማኛል?»

ግሪጎሬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ሌላ አለው አይደል እንዴ!» አለና፣ ቢላውን አንስቶ እሱንም ቆርጦ ሰጠው።