ዳንቴል የለበሰው ሰርቨር

አዲሷ የኮምፒውተር ባለሙያ የኔነሽ ዳንቴሉን ከሰርቨሩ ላይ አንሥታ፣ አጣጥፋ፣ በሥራ አስኪያጁ በአቶ ደምሌ ወንበር ላይ ታስቀምጠዋለች። የፕላስቲክ አበባውንም ከነማስቀመጫው ታወርደዋለች። ማሽኑ አየር እንዲያገኝ ነው። ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ትከፍታለች። የመጫኛው አረንጓዴ መስመር መሄድ ጀምሯል።

መስመሩ ዳር ሲደርስ፣ እስከ ዛሬ በአቶ ደምሌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የነበረው የጽሑፍ ፕሮግራም በገበሬዎቹ ማኅበር ቢሮ በየጠረጴዛው ይከፈታል። ጸሐፊዋ ታንጉት በራሷ ስም ትገባለች፤ የመጋዘን ኃላፊውም በራሱ ስም።

እስከ ዛሬ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ በሄዱ ቁጥር ማሽናቸውን አጥፍተው ክፍላቸውን ይቆልፋሉ፤ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ ይውላል። ወረቀት ፈልጎ የመጣ ገበሬ እሳቸው እስኪመለሱ ግቢው ውስጥ ይጎለታል። ሰርቨሩ የመጣ ለታም «የክብር ዕቃ ነው» ብለው እዚሁ ክፍላቸው አስገቡት፤ ዳንቴል አለበሱት፤ ሲወጡም «ይረፍ» እያሉ ያጠፉታል።

ኮሪደሩ ላይ እትዬ ዓለሚቱ ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። አህያቸው ከበሩ ታስራለች። የስንዴ ዘር መውሰጃ ወረቀት ፍለጋ ከገጠር ወደ ወገዳ ከተማ ሲመላለሱ ሰንብተዋል።

«ደረሰልሽ ልጄ?» ይላሉ አንገታቸውን በበሩ አስግገው።

«ትንሽ ቀረው፣ እትዬ።»

«እኔስ እጠብቅሻለሁ። ሰኔ ነው የማይጠብቀኝ።»

አቶ ደምሌ ቁልፋቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ ይገባሉ።

«በቃ፣ ነገ ትቀጥያለሽ። ስብሰባ ደርሶብኛል። አጥፊው።»

«እየጫነ ነው።»

«ምን?»

ድምፅዋ ሁልጊዜም ዝቅ ያለ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለች መልሷን ጎረቤቷ ተማሪ ነበር ደግሞ የሚናገርላት። ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። «አሁን ከጠፋ ይበላሻል። ካለቀ በኋላም መጥፋት የለበትም። ሁሉም ሰው የሚሠራው ከዚህ ነው።»

«እኔ በሌለሁበት?»

«እርስዎ በሌሉበትም።»

«ታዲያ ማን ምን እንደሚጽፍ በምን አውቃለሁ?»

«ሁሉም በየስሙ ነው የሚገባው። ማን እንደጻፈው ይታወቃል።»

አቶ ደምሌ ይስቃሉ። «ይቺ ልጅ አፍ የላትም ብለው ነበር የሰጡኝ!» ሳቃቸውን ይሰበስባሉ። «የሙከራ ጊዜሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«በዚህ ወር።»

«ቋሚ እንድትሆኚ የሚፈርመው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ንቀይው።»

የኔነሽ አትነቅለውም። ጀርባዋ ከግድግዳው እስኪገጥም ድረስ ወደ ኋላ ትንፏቀቃለች። ሶኬቱ አሁን ከትከሻዋ ኋላ ነው። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ትሰበስባለች።

አቶ ደምሌ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ሶኬቱ ጋ ለመድረስ በትከሻዋ ላይ ማለፍ አለባቸው። በሩ ክፍት ነው።

«ኧረ ነውር ነው!» ይላሉ እትዬ ዓለሚቱ ከኮሪደሩ። «ከልጅቱ ጋር ሊታገሉ ነው እንዴ?»

ታንጉት ከጎናቸው ቆማ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ሳቋ ግን ያመልጣታል።

አቶ ደምሌ ቀና ይላሉ። ጆሯቸው ድረስ ቀልተዋል። «ውጪ። ልቆልፍ ነው።»

«ይቆልፉት።»

«አንቺስ?»

«እኔ እዚሁ ነኝ።»

«ስብሰባው እስከ ማታ ነው።»

«ይሁን።»

ፊቷን ያዩታል፤ እንባ የሚፈልጉ ይመስላሉ። የኔነሽ ዓይኗን አትሰብርም። ሕይወቷን ሙሉ ከመሬት ያልተነሣ ዓይን ነው፤ ዛሬ መውረድ እምቢ ይላታል።

በሩ ይዘጋል። ቁልፉ ቀጭ ይላል። «ኧረ ጉድ፣ ቆለፈባት!» ይላሉ እትዬ ዓለሚቱ። የአቶ ደምሌ ኮቴ እየራቀ ይሄዳል።

የኔነሽ ወደ ላፕቶፗ ትመለሳለች። አርብ ገበያ ከተማ የሚኖረው አባቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ላገኘው ሁሉ «ልጄ እኮ ቋሚ ልትሆን ነው» እያለ መሆኑን ታስባለች። ምን ብላ እንደምትነግረው አታውቅም። መስመሩ ይሄዳል፤ ይቆማል፤ ደግሞ ይሄዳል።

ይሞላል።

ተነሥታ ከታንጉት ክፍል የሚለያትን የጭቃ ግድግዳ በቡጢ ትመታለች። «ታንጉት!» ክፍሉን የሞላው ድምፅ የራሷ መሆኑን ለማመን ጊዜ ይወስድባታል። «ፕሮግራሙን ክፈቺው! በስምሽ ግቢ!»

«የይለፍ ቃሉስ?» ትላለች ታንጉት ከወዲያ።

«የሰጠሁሽን ጻፊ። ከዚያ የራስሽን ትመርጫለሽ። ለእኔም እንዳትነግሪኝ!»

የኔነሽ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ከዚያ ከወዲያ በኩል ግድግዳው ይመታል፤ ከላይ ኖራ እየተፈረፈረ በአቶ ደምሌ ወንበር ላይ ይረግፋል።

«ከፈተልኝ! ስሜ ወጣ እኮ!»

ራቅ ካለው ክፍል ሌላ ምት ይሰማል። የመጋዘን ኃላፊው ነው። ሌላ ኖራ ይረግፋል። ቀጥሎ የታንጉት ፕሪንተር ሲያጓራ፣ ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ጧ ሲል ትሰማለች።

በመስኮቱ ፍርግርግ እትዬ ዓለሚቱ ግቢውን ሲያቋርጡ ይታያሉ። አህያቸውን ይፈታሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው ወረቀቱን ከፍ አድርገው ያሳዩዋታል፤ በብብታቸው ይከቱትና አህያዋን ወደ መጋዘኑ ይነዳሉ።

የኔነሽ ከመስኮቱ ዘወር ትላለች። የወንበሩን ኖራ አትጠርግም። ዳንቴሉን ብቻ አንሥታ ታራግፈዋለች፤ ወደ ተቆለፈው በር ሄዳም፣ የቁልፉን ቀዳዳ እንዲሸፍን አድርጋ፣ «ይረፍ» ብላ እጀታው ላይ ትሰቅለዋለች።