ሪዙ ይውረድ

የሰማህ ላልሰማ አሰማ! በአውቶቡስ ሾፌሩ አፍንጫና ከንፈር መካከል ለረጅም ዘመን በክብር ያገለገለው ሪዝ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በፀጉር አስተካካዩ ወንበር ላይ ይሰናበታል። ለቀስተኛ አልተጠራም።

«ላጨው» አለ ሾፌሩ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ በወጉ ሳይታሰር። ማስኩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦታል።

ፀጉር አስተካካዩ በመስታወቱ ውስጥ አየው። «ልከርክመው ማለትህ ነው?»

«ላጨው ነው የምልህ። ምልክቱ እንዳይቀር።»

«ሰው ሞተብህ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም። ላጭ።»

አስተካካዩ አረፋውን መምታት ጀመረ። እየመታም ነገር ያበስላል። ሪዙ ተራ ሪዝ አይደለማ፤ የተማለበት ሪዝ ነው። ማጠናከሪያ ክትባት የሚባል ነገር በሬዲዮ የተነገረ ቀን፣ ሁለተኛው ክትባት አልጋ ላይ እንዴት እንዳጋደመው ያልረሳው ሾፌር እዚሁ ወንበር ላይ ሆኖ፣ «አንዱን ተወጉ አሉ፣ ተወጋን። ድገሙ አሉ፣ ደገምን። አሁን ደግሞ ማጠናከሪያ! እኔ ምን ግድግዳ ነኝ የምጠናከረው? ሦስተኛውን የምወጋው ይህ ሪዝ ከፊቴ የወረደ ቀን ነው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አስተካካዩም ምላጩን ወደ ላይ አንሥቶ «እኔም!» አለ። እሱ ሪዝ ስለሌለው የማለው በጓደኛው ሪዝ ነበር።

ለነገሩ ሪዙን ከሚስቱና ከአስተካካዩ በቀር ያየ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። የከረመው ማስክ ሥር ነው።

ሾፌሩ ደክሞታል። ተኝተው የሚነሡለት ዓይነት ድካም አይደለም። ጠዋት መስኮት ክፈት አትክፈት የሚባባሉ ተሳፋሪዎችን ይገላግላል፤ ማታም ያው ነው። አንዱ ሲያስል አውቶቡሱ በሙሉ አንገቱን ያዞራል። ድሮ ይናደድ ነበር፤ አሁን ለመናደድም አቅም አጥቷል።

ትናንት ከመንገዱ ማዶ ጤና ጣቢያው ደጅ ተሰልፎ ነበር። ተራው ሊደርስ ሲል ያልጮኸ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አቤት! አቤት! መጣሁ!» እያለ ውልቅ አለ። ራሱን ያውቀዋል። ይህ ሪዝ ፊቱ ላይ እስካለ ድረስ ሰበብ አያጣም። ዛሬ ሊያስላጭ የመጣው ሰበቡን ነው።

ምላጩ የቀኙን ጎን ጠርጎ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ቆመ። አስተካካዩ መስታወቱ ውስጥ አፍጥጦ ቀረ። መስታወቱ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ራስ በላይ፣ የማዶው ሰልፍ ይታያል።

«አሃ! ልትወጋ ነው!»

«ግማሹን ጨርስ።»

«ሳትነግረኝማ አልጨርስም! እዚህ ቤት ስንት ሆነን ነበር የማልነው? ጎሚስታው ከዳ። ልብስ ሰፊው ከዳ፤ ‹ሚስቴ ናት› አለ። አንተንስ ማን ነካህ? የቤትህ እመቤት አዘዘችህ?»

«ሚስቴ ቃል አልተነፈሰችም።»

እውነቱን ነው፤ ቃል አልተነፈሰችም። በሽታው አምና ይዟት ከለቀቃት ወዲህ ትንፋሽ ያጥራታል፤ «ኧረ አያጥረኝም» ትላለች። ዛሬ ጠዋት አራተኛ ፎቅ ወዳለው ቤታቸው ዳቦ ገዝተው ሲመለሱ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ «አንተ ቅደም፤ ጫማዬን ልሰር» ብላ አጎነበሰች። ቀደማት። ሦስተኛው ፎቅ ደርሶ ቁልቁል ሲያይ፣ እንዳጎነበሰች ናት። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ እጇ ግድግዳውን ይዟል።

ጫማዋ ማሰሪያ የለውም።

እሱ ደግሞ የአገሩ ትንፋሽ ሁሉ ሲታጨቅበት በሚውል አውቶቡስ ውስጥ ውሎ፣ ማታ የሚገባው እሷ ዘንድ ነው።

«አትጨርስም?» አለ።

«አልጨርስም።»

ሾፌሩ አረፋውን በፎጣው ጠረገ፤ ማስኩን አጠለቀ፤ በሩን ከፍቶ ወጣ። መንገዱን ተሻግሮ ሰልፉ ጭራ ላይ ቆመ። ግማሽ ሪዙ ማስኩ ውስጥ ይኮሰኩሰዋል። እጁ ኪሱ ውስጥ ስልኩን ሲፈልግ ደረሰበትና እጁን ባዶውን አወጣው።

ብዙም ሳይቆይ አስተካካዩ ሽርጡን እንደታጠቀ፣ ፎጣና ምላጭ ይዞ፣ መኪናውን ሁሉ በእጁ እያስቆመ መጣ።

«አንተ ሰው፣ ምን አደረግኩህ? ይህን ማስክ ስታወልቅ ያየ ሁሉ ‹ማነው የላጨው?› ሲል የሚነሣው የማን ስም ነው? አገጭህን አምጣ!»

እዚያው አቁሞ፣ ማስኩን ዝቅ አድርጎ ላጨው። ተሰላፊው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ማንም ግን አልሳቀም፤ ሁሉም ደክሞታል። የመጨረሻዋን ፀጉር ሲያነሣ እጁ ትንሽ ዘገየ። እሱም የማለው በእሷው ፀጉር ነበር።

አንዲት ነጠላ ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት መጥታ ከአስተካካዩ ኋላ ቆመች። «ጋሼ፣ መጨረሻው እርስዎ ነዎት?»

አስተካካዩ ምላጩን አየ፤ ማዶ በሩን ክፍቱን ጥሎት የመጣውን ሱቁን አየ።  ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ሰልፉ አንድ እርምጃ ሲጠጋ እሱም ተጠጋ።

«እሺ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አብሬህ ጉድ ልሆን ከሆነ እንኳ ለምን እንደሆነ ልወቅ እንጂ። ለእኔ እንኳ አትነግረኝም? ለምንድን ነው?»

ሾፌሩ አጎነበሰ። በወጉ የታሰረውን የጫማውን ክር ፈታና እንደገና ያስር ጀመር።

«አልነግርህም» አለ፣ ቀና ሳይል።