ታብሌት የሌለበት ግማሽ ሰዓት

ታብሌቶቹን ከልጆቹ እጅ እየለቀምኩ ሳጥን ውስጥ እከታለሁ። መንትዮቹ የመጨረሻውን አንለቅም ብለው ይጓተቱኛል።

«ሚስ፣ አንድ ደቂቃ ብቻ!»

«በእናንተ አንድ ደቂቃ ሰርግ ይደገሳል። አምጡ!»

ታብሌቱ እጄ ላይ ሆኖ በኔው ድምፅ «ጎበዝ! አሁን ወደሚቀጥለው እንሂድ» ይለኛል። አፉን ይዤ አጠፋዋለሁ።

አዎ፣ ድምፁ የኔ ነው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ዕቃ ቤት ውስጥ አስቀምጠው የሁለተኛ ክፍልን ሂሳብ ከዳር እስከ ዳር አስነበቡኝ። «ጎበዝ»ን በደስታ፣ በእርጋታ፣ በመገረም አስባሉኝ። «አይዞህ»ን ለወንዶቹ፣ «አይዞሽ»ን ለሴቶቹ ለየብቻ ቀዱ። ከመምህራኑ ሁሉ እኔ ተመረጥኩ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነበር። አሁን ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ እኔን ሲሰሙ ይውላሉ፤ እኔ ደግሞ በወንበሮቹ መሃል እየዞርኩ ቻርጀር እሰካለሁ። በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት።

ዳይሬክተሩ ከኋላ፣ ለልጅ በተሠራች ወንበር ላይ ጉልበቱን ከአገጩ አጋጥሞ ተቀምጧል። ለምኜ ለምኜ ነው ያመጣሁት። በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ታብሌቱ ይቅርና ልጆቹ በእጃቸው እየነኩ፣ እርስ በርስ እያወሩ ይማሩ ብዬ። «ዛሬ አሳዪኝ» አለኝ። «ካሳመንሽኝ ግማሽ ሰዓቱ ያንቺ ነው። ካላሳመንሽኝ ግን ይሄን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።»

ማሳመኛዬ ድንቢጥ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ከክፍሉ ሁሉ ትንሽ ስለሆነች ድንቢጥ ያልኳት እኔ ነኝ። ታብሌቱ ላይ ሁልጊዜ ሙሉ ነጥብ ታመጣለች፤ እንዴት እንደምታመጣው ግን በዓይኔ አይቻለሁ። «ትክክል» የሚለው አረንጓዴ መብራት እስኪበራ ድረስ መልሶቹን በየተራ ትነካካለች። ትናንት ከትምህርት በኋላ አስቀርቻት በጠርሙስ ቆርኪ መቀነስ አስተማርኳት፤ ገባት። የገባት ጊዜ ፊቷ እንዴት እንደበራ! ዳይሬክተሩ ያን ፊት እንዲያይልኝ ጓጉቻለሁ።

ቆርኪዎቹን በየጠረጴዛው እዘረግፋለሁ። ክፍሉ ወዲያው ገበያ ይሆናል። መንትዮቹ ይሰራረቃሉ፣ አንዷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ ሌላው «አጭበረበርሽ!» ይላታል። እንዲህ ያለ ጫጫታ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው! ዳይሬክተሩ እንኳ የወደቀ ቆርኪ አንስቶ ሲመልስ ፈገግ ይላል። ልቤ ቅቤ ይጠጣል።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምም።

«ድንቢጥዬ፣ እስቲ ለጋሼ አሳዪአቸው። አስራ ሁለት ቆርኪ አለሽ። አምስቱን ብትሰጪኝ ስንት ይቀርሻል?»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ትጀምራለች። ቀና ብላ ዳይሬክተሩን ስታይ ይጠፋባታል። እንደገና ከአንድ ትነሳለች፤ አሁንም ይጠፋባታል። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል።

«ፍጠኚ እንጂ» እላታለሁ።

«ስምንት?»

«ቁጠሪ አልኩ እንጂ ገምቺ አልኩሽ?»

«ዘጠኝ?» ቆርኪዎቹን ትታ ዓይን ዓይኔን ታያለች። «ስድስት?» አሁን ገባኝ፤ እኔም ላይ አረንጓዴ እስኪበራ እየጠበቀች ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «ትናንት አሳይቼሽ የለም እንዴ! ምን ዓይነት ደንቆሮ ልጅ ነሽ!» እላለሁ፤ እጄም አፌን ተከትሎ ቆርኪዎቹን ከፊቷ ይጠርጋቸዋል። ወለሉ ላይ እየተንኳኩ ይበተናሉ። መንትዮቹ እንኳ የሰረቁትን ቆርኪ ጠረጴዛው ላይ ይመልሳሉ።

ድንቢጥ አታለቅስም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር፤ እቅፍ አደርጋት ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ ሰብስባ እንደ ትልቅ ሰው ታስባለች።

«ሚስ» ትለኛለች ቀስ ብላ፣ «ታብሌቴን ስጪኝ። እዚያ ውስጥ ያለሽው አትቆጪም።»

ዳይሬክተሩ ከትንሿ ወንበር ራሱን ነቅሎ ይነሳል። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ይስቃል፤ ሳቁ ከቁጣ ይብስብኛል።

«አየሽ እህቴ፣ የጠየቀችው እኮ አንቺኑ ነው። ደስ ሊልሽ ይገባል።» ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደርገኛል። «በሉ ልጆች፣ ታብሌቶቻችሁን ውሰዱ።»

«ጋሼ፣ ግማሽ ሰዓቱ እኮ ገና አላለቀም።»

«አልቋል» ይለኛል፣ በሩን ከፍቶ እየወጣ።

ልጆቹ ሳጥኑን ይወሩታል። አፍታም ሳይቆይ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን ደፍኖ ይቀመጣል። አንዳንዱ ቆርኪውን ረግጦ ነው ያለፈው።

ድንቢጥ አጠገብ እንበረከካለሁ። ከማዳመጫዋ ሥር ቀጭን ሆኖ የሚያመልጠው ድምፄ ይሰማኛል። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም፣ እንደገና እንሞክር።» እንዴት ደግ ሴት ናት! ቀናሁባት። እንዲህ ብዬ በገዛ አፌ ለልጅ የተናገርኩት መቼ እንደሆነ ባስብ ባስብ አልመጣልኝም።

«ድንቢጥዬ፣ ይቅርታ። አጥፍቻለሁ።»

አትሰማኝም። ክንዷን ነካ አደርጋታለሁ። ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮዋ ገለጥ አድርጋ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ ታቆማለች።

«እሽሽ! ሚስ እያስተማረችኝ ነው።»