በጀልባዋ ላይ የተጻፈው ስም

መርዶው የደረሰ ቀን ንግስት ንፋስ መውጫ፣ ስድስተኛ ክፍል ገብታ ክፍልፋይ እያስተማረች ነበር። ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ «ቤት ትፈለጊያለሽ፤ ምንይችልን ትንሽ አሞት ነው» አላት። ግቢዋ ስትደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

ባሏ ምንይችል ከባሕር ዳር ሲመለስ፣ ጉና ተራራ ላይ በጭጋጉ ውስጥ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገልብጦ ነበር።

«ብቻውን ነበር?» አለች። መጀመሪያ የጠየቀችው ይህንን ነው። ለቀስተኛው ከድንጋጤ ነው ብሎ አለፈው።

ከድንጋጤ አልነበረም።

ምንይችል መካኒክ ነበር። ጣና ዳር የመዝናኛ ቤት ያላቸው አቶ ተክሌ ቀጥረውት ጀልባዎቻቸውን ይጠግናል፤ ቤቱ የሚመጣው ለበዓል ነው። ባለፈው ፋሲካ አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። አቶ ተክሌ ሰው ገመድ ይዞ ውሃ ላይ እየተንሸራተተ የሚከተላት ጀልባ ሊገዙ ነው፤ መራጩ እሱ ነው።

በዓሉን ሙሉ ዐይኑን ከስልኩ አልነቀለም።

«እስቲ ያቺን ሴት አሳየኝ» አለችው ንግስት።

«የቷን ሴት?»

«አፍጠህ የምታያትን።»

ሳቀና ስልኩን አዞረላት። ሁለት ጀልባዎች ነበሩ። አንደኛዋ ሞተሯ ከኋላ የተንጠለጠለ፣ ፈጣን። ሁለተኛዋ ሞተሯ ከሆዷ ውስጥ የተቀመጠ፣ ገመዱ ከፍ ብሎ የሚታሰርበት የብረት ቅስት ያላት፣ ማዕበሏ እንዲተልቅ በጋኗ ውሃ ሞልታ የምትከብድ።

«ፈጣኗን ውሰዳ!»

«የወደቀ ሰው የሚቀረው ከኋላ ነው። የፈጣኗ ፕሮፔለር፣ የሚሽከረከረው ስለት፣ ከጭራዋ ነው፤ የዚችኛዋ ግን ከሆዷ ሥር ተደብቋል። ልጅም ቢወድቅ በቀላሉ አያገኘውም።»

«የምን ልጅ?»

«የእንግዳ ልጅ ነዋ፣ ንጉዬ።»

ንግስት ስልኩን መለሰችለት። በቤታቸው ስለ ልጅ ብዙ አይወራም። ድሮ እስቴ ገጠር ስታስተምር ምጥ ጸንቶባት ወደ ከተማው፣ ወደ መካነ ኢየሱስ ሐኪም ቤት ተወስዳ ነበር። ስትነቃ «ሞታ ነው የተወለደችው» አላት ምንይችል። ሳይጠመቅ የሞተ ፍትሐት የለውም፤ የሚጠራበት ስምም የለውም። ከዚያ ወዲህ ንግስት አልወለደችም። ሌላ ሴት ልትወልድለት እንደምትችል ግን አንድም ቀን ረስታ አታውቅም።

በማግስቱ ጓሮ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማችው።

«ስሟ? ወለተ ኪዳን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አዎ፣ እንደሱ። ለሰባት ዓመት ልጅ የሚሆነውንም እንዳትረሳ።»

«ከማን ጋር ነው?» አለች ሲገባ።

«ከጀልባ ሻጩ ጋር።»

ጀልባ ሻጭ የሴት ክርስትና ስም ምን ያደርግለታል? የጎረቤቷን የክርስትና ስም እንኳ ንግስት አታውቅም። የክርስትና ስም የሚያውቁት የቅርብ ሰዎች ናቸው። በየዓመቱ የካቲት ላይ «ስእለት አለብኝ» እያለ ብቻውን እስቴ የሚሄደውም ያን ጊዜ ትዝ አላት።

ቀብሩ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ አለፍ ብሎ ባለው የአባቱ ደብር ተፈጸመ። ንግስት እያለቀሰች የሚያለቅሱትን ሴቶች ታያቸው ነበር። ከልክ በላይ የምታለቅስ የማታውቃት ሴት ብትኖር፣ እሷ ናት። ሁሉንም ታውቃቸው ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ዕቃውን ልትሰበስብ ባሕር ዳር ወረደች። አቶ ተክሌ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰዷት። አዲሷ ጀልባ ነጭ ናት፤ ሞተሯ በሆዷ ያለው። በጎኗ በትልቁ «ወለተ ኪዳን» ተጽፏል። ከመሪው አጠገብ ፕላስቲኩ ያልተገፈፈ፣ ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ የሕፃን ላይፍ ጃኬት ተሰቅሏል።

«ስሙን ማን አወጣላት?»

«እሱ ነዋ። ‹ጀልባዋን መርጬልዎታለሁ፣ ስሟን ለእኔ ይተዉልኝ› አለኝ። ሴትዮዋ ማን ናት ብዬ ብቀልድ ተቆጣኝ።»

«ይሄስ ጃኬት?»

«ማንም እንዳይለብሰው ብሎ የሰቀለው ነው። እኛማ የመሰለን… ይቅርታ እህቴ።»

ንግስት የመሰላቸውን አልጠየቀችም።

አርባው ሲቃረብ የባሏ እህት ገነት ጌሾ ልትወቅጥ መጣች።

«ተይው፣ አይጠመቅም» አለች ንግስት። «ተዝካሩን ወለተ ኪዳን ታውጣለት!»

«ኧረ በማርያም! ወንድሜ እንዲህ ያለ ሰው አይደለም።»

«ሄደሽ ጀልባዋ ላይ አንብቢያ!»

ገነት አልቅሳ ወጣች። በሦስተኛው ቀን ከመካነ ኢየሱስ አባ ወልደ ሰንበትን ይዛ ተመለሰች። ምንይችል በየየካቲቱ ይሄድ የነበረው እኚህ ሽማግሌ ቄስ ዘንድ ነው።

አባ መደቡ ላይ ዐረፍ ብለው መስቀላቸውን አሳለሟት።

«ልጄ፣ በጸሎቱ የማንን ስም ልጥራ?»

«የእሱን። ኃይለ ጊዮርጊስን።»

«ወለተ ኪዳንንስ?»

ንግስት ብድግ አለች። «እርስዎም ያውቋታል?»

«በእጄ ነው ያጠመቅኋት።»

«እስቴ ናት ያለችው?»

«እስቴ ናት።»

«ታምራለች?»

አባ ወልደ ሰንበት ቀና ብለው ፊቷን አዩ።

«አንቺን ነው የምትመስለው።»

«እኔን የምትመስል መርጦ ነዋ!» አለች ንግስት።

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ባለቤቴን ኃይለ ጊዮርጊስን በጸሎታችሁ አስቡልኝ፤ ከእሱም ጋር፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ በየካቲት፣ እኔ ሐኪም ቤት ራሴን ስቼ ሳለሁ እስትንፋሷ ሳይወጣ አባቷ ቄስ ጠርቶ ያስጠመቃትን፣ እንዳይብስብኝ ብሎም የደበቀኝን ልጃችንን፣ ወለተ ኪዳንን።