ማብረጃው

የልጄ ባል ትራሴን ያነሳል። ነጮቹ ክኒኖች አንሶላው ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ተበትነዋል።

«አባባ፣ እነዚህን አልዋጧቸውም?»

«እያየህ ምን ትጠይቀኛለህ?»

ሐኪም ነው። ቤቱ የእሱ፣ አልጋው የእሱ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለችውን ያገኘልኝም እሱ። የኮሶ ትል ልጅ ናት አለኝ፤ አንጎሌ ውስጥ አተር የምታክል ቤት ሠርታ ተኝታለች። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ሰጠኝ፤ ቢጫው እሷን መግደያ፣ ነጩ ማብረጃ። ቢጫውን በደስታ እውጣለሁ። ከሱ እጅ ማብረጃ ግን አልቀበልም።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ለሕፃን እንደሚያወራ ያስረዳኛል።

«ነጭ የደም ሴሎች አሉ ብዬ ነግሬዎታለሁ። ትሏ በሕይወት እያለች አደንዝዛቸው ነው የምትኖረው። ስትሞት ነው የሚነቁባት፤ ከያሉበት ይጎርፋሉ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በለኛ።»

«እሱማ ጮኾ ቢተው ጥሩ ነበር። ይሄኛው ባለቤቱን ነው የሚነክሰው። ዙሪያዋ ያለውን አንጎልዎን ያሳብጡታል። ነጩ እነሱን ነው የሚያረጋጋው።»

«ሳትጠራ የገባችን ቢደበድቡ ምን አጠፉ?»

«እሷ እኮ ሞታለች። እነሱ ናቸው የማያቆሙት።»

አያቁሙ። አንድ ነገር እንኳ ከኔ ወገን ይሁን።

ፊት ለፊቴ የሰርጋቸው ፎቶ ተሰቅሏል። አባቱ፣ እናቱ፣ አክስቶቹ፣ የማላውቃቸው ወፍራም ሰዎች ሁሉ ይስቃሉ። እኔ የለሁም። መብራት ሲጠፋ «በያጅ አይደል፣ ጄኔሬተሩን ይይልን» ብለው ከአዳራሹ ጀርባ ሰደዱኝ። በሙሉ ልብሴ ተንበርክኬ አስነሳሁላቸው። የእጄን ዘይት በሣር ጠርጌ ስመለስ ፎቶ አንሺው ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። በኔ መብራት ነው የተነሱት።

ልጄ በሩ ላይ ቆማለች። «አባዬ፣ በሞቴ፣ ዋጠው።»

«አንቺ ፎቶው ላይ አለሽ። ምን ቸገረሽ?»

«ዛሬም እሱን?»

«ይቅርታ ጠይቄዎታለሁ እኮ» ይላል ባሏ።

«ጠይቀሃል። በስልክ።»

ክኒኖቹን ከአንሶላው ላይ ይለቅማል። ከዚያ «ራስዎን ያምዎታል?»

«አያመኝም።» ከትናንት ጀምሮ ግንባሬ ውስጥ መዶሻ አለ።

ብርጭቆና አንድ ክኒን ያቀርብልኛል። ልገፋው ቀኝ እጄን ስዘረጋ አውራ ጣቴ ብቻዋን ትዘላለች። ከዚያ ጣቶቼ በሙሉ። ዕድሜዋን ብረት ላይ ቀጥ ያለ መስመር ስታስኬድ የኖረች እጅ ናት። በግራዬ አፍናታለሁ፤ ግራዬንም ይዛ ትወዘውዘዋለች። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ይፈረካከሳል።

«የመኪናውን ቁልፍ አምጪ» ይላታል፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። ክኒኗን ወደ አፌ ያስጠጋል። ጣቶቹ ሳሙና ሳሙና ይላሉ፤ ጥፍሩ ሥር ቅንጣት እድፍ የለም። ጥርሴን ነክሼ አየዋለሁ።

«አባባ፣ እባክዎ። አሁን።»

እጄ የኔ አይደለችም። ክንዴም እየሄደ ነው። ልጄ ቁልፉን ጨብጣ፣ በባዶ እግሯ ስባሪው መሃል ቆማለች።

እሺ፣ አፌን ልክፈት እላለሁ በልቤ። አገጬ እምቢ ይለኛል። አንዱ ጉንጬ ወደ ጆሮዬ እየተጎተተ፣ ፎቶው ላይ እንዳሉት ሰዎች ጥርሴ ይገለጣል፤ ክኒኗም ከንፈሬ ላይ እየመረረች ትቀልጣለች።